ልኩን ማን ጻፈው? የመልቲሜትር ጉዞ ከኮምፓስ መርፌ እስከ ኮምፒውተር ፋይል

ኤፕሪል 1820 ኮፐንሃገን ውስጥ ሐንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ የተባለ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ሙከራ ሲያሳይ፣ ከባትሪ ጋር የተያያዘ ሽቦ በአጠገቡ የነበረውን የኮምፓስ መርፌ ሲያነቃንቀው አየ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንቅስቃሴው በጣም ትንሽ ስለነበር ተማሪዎቹን ብዙም አላስደነቀም። ኧርስቴድ ግን ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰንብቶ፣ ጁላይ 21 ቀን በላቲን የተጻፈች አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ለአውሮፓ ሊቃውንት አሠራጨ። እስከዚያ ድረስ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚታወቀው በብልጭታውና ሰውን ሲነዝር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በሽቦ ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በዓይን የሚታይ ጠቋሚ አገኘ።

ወራት ሳያልፉ ጀርመን ሃለ ከተማ የነበረው ዮሐን ሽቫይገር ሽቦውን በመርፌዋ ዙሪያ ደጋግሞ ጠመጠመው። ዙሩ በበዛ መጠን ጉልበቱም ስለሚጨምር ደካማ ከረንት እንኳ መርፌዋን ማዞር ቻለ። ጋልቫኖሜትር የተባለው መሣሪያ ሀ ብሎ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ግን መርፌዋ «ብዙ ዞረች» ወይም «ትንሽ ዞረች» ከማለት በቀር የምትናገረው ነገር አልነበራትም። የአንዱ ከተማ «ብዙ» ከሌላው ከተማ «ብዙ» ጋር የሚመዛዘንበት መንገድ አልነበረም።

ይህን ቋጠሮ መፍታት የጀመረው ኮሎኝ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ጌኦርግ ኦም ነው። የዘመኑ ባትሪዎች ገና ከሽቦ ጋር ከመገናኘታቸው ጉልበታቸው ይዋዥቅ ስለነበር፣ ኦም ዛሬ የለካውን ነገ መልሶ ማግኘት ተቸገረ። ስለዚህ ባትሪውን ትቶ ቢስመዝና መዳብ አገናኘ፤ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አስቀመጠ። የውሃ መፍያና የበረዶ መቅለጫ ሙቀት ስለማይዋዥቅ ከእነሱ የሚመነጨው ኤሌክትሪክም ጸንቶ ቆመ። በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ በቮልቴጅ፣ በከረንትና በሬዚስታንስ መካከል ያለውን ግንኙነት አስረዳ። ሀገሩ በቀዝቃዛ ፊት ብትቀበለውም በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያውን ሰጠው። ከኦም ሥራ ለተከታዮቹ የተረፈው ቀመሩ ብቻ አልነበረም። ለመለካት አስቀድሞ የማይዋዥቅ ማመሳከሪያ መያዝ እንደሚያስፈልግም አሳይቷል።

ቀለም የሚተፋው ብዕር

ኦገስት 1858 አየርላንድንና ኒውፋውንድላንድን የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ኬብል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ተዘርግቶ አለቀ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካነን የላከችው የ98 ቃላት መልእክት ተላልፎ ለማለቅ 16 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ከዚህ ሁሉ ርቀት በኋላ የሚደርሰው ከረንት እጅግ ደካማ ነበርና በተለመደው መሣሪያ ሊነበብ አልቻለም። የኬብሉ ኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይልድማን ዋይትሀውስ መፍትሔው ቮልቴጁን መጨመር ነው ብሎ ወደ 2000 ቮልት የሚገመት ኃይል ለቀቀበት። ኬብሉ በሳምንታት ውስጥ ሞተ።

የግላስጎው ፕሮፌሰር ዊልያም ቶምሰን የያዘው መንገድ የተለየ ነበር። የላኪውን ጉልበት ከመጨመር ይልቅ የተቀባዩን ዓይን ማሳላት መረጠ። ጥቃቅን ማግኔት በአንዲት ትንሽ መስታወት ጀርባ ለጥፎ በጥቅል ሽቦ መካከል አንጠለጠላት፤ ከመብራት የሚመጣ ጨረር በመስታወቷ ተንጸባርቆ ራቅ ካለ መለኪያ ላይ ያርፋል። መስታወቷ በፀጉር ስፋት ብትዞር የብርሃኗ ነጥብ በግልጽ ትሄዳለች። አንዱ ሠራተኛ ነጥቧን እያየ ፊደሉን ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። የዓይን መድከምና የጆሮ መሳት ግን አብሮ ነበረ።

ቶምሰን በ1867 ይህን የሁለት ሰው ሥራ ለመሣሪያ አስረከበ። ሳይፈን ሪከርደር የተባለው ፈጠራው እንደ ብዕር የሚያገለግል ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነበረው። ቱቦው ወረቀቱን ሳይነካ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚገፋ ቀለም በሚንቀሳቀስ የወረቀት ጥቅል ላይ ይተፋል። መስመሩ ወደ አንድ ጎን ሲል ነጥብ፣ ወደ ሌላው ሲል ጭረት ሆኖ ይነበባል። ከመስመር የደረሰውን ምልክት የሰው እጅ ሳይገባበት መሣሪያ ራሱ ወረቀት ላይ አሰፈረው።

ይህን ዘዴ የተከተሉ መዝጋቢዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ፋብሪካዎችንና የኃይል ማመንጫዎችን ሞሉ። ግፊትን፣ ሙቀትንና ቮልቴጅን ሌት ተቀን ይጽፉ ነበር። እዚህ ላይ አዲስ ዓይነት ስሕተት ተወለደ። መስመሩ በራሱ የሚናገረው ከፍ ማለቱንና ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው። አንዱ መስመር ስንት ቮልት እንደሆነ፣ ወረቀቱ በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሄድ፣ መቼ እንደተጀመረ ሠራተኛው በኅዳጉ ላይ በእጁ መጻፍ ነበረበት። ይህን ከረሳ ያማረ መስመር ይዞ ይቀራል እንጂ ከመስመሩ የሚረዳው ነገር የለም። የመሣሪያው ጽሕፈት እየታመነ ሲሄድ፣ ሰው ሊሳሳትበት የሚችለው ቦታ ከንባብ ወደ አዘገጃጀት ተሸጋገረ። ከዚህ በኋላ ያለው የመልቲሜትር ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ሽግግር ታሪክ ነው።

አንድ ሣጥን፣ ሦስት ሥራ

በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ቮልትን፣ ኦምንና አምፔርን የጋራ መለኪያ አድርጎ ተቀበለ። በማግሥቱ ዓመት ፈረንሳውያኑ ዣክ አርሰን ዳርሶንቫልና ማርሴል ዴፕሬ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ገለበጡት፤ ማግኔቱ በቦታው ጸንቶ እንዲቆም፣ ጥቅል ሽቦው ግን እንዲዞር አደረጉ። በ1870 ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኤድዋርድ ዌስተን ደግሞ ሙቀት ሲለዋወጥ ሬዚስታንሳቸው እምብዛም የማይለወጥ የብረት ቅይጦች አገኘ። በ1888 ኒዋርክ ከተማ ውስጥ የመለኪያ ኩባንያውን አቋቋመ። ዌስተን የሠራው ቮልትሜትር በእጅ ተይዞ የሚዞርና መርፌው የቆመበትን ቮልት በቀጥታ የሚያስነብብ ነበር።

ግን ለቮልት አንድ፣ ለአምፔር ሌላ፣ ለኦም ሦስተኛ መሣሪያ መሸከም ግድ ነበር። በዚያ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ቴሌግራፍና ስልክን የሚያስተዳድረው ፖስታ ቤት ነውና፣ በዚያ በመሐንዲስነት የሚሠራው ዶናልድ ማካዲ ይህ ሸክም አንገፈገፈው። ሦስቱን በአንድ ሣጥን አስገብቶ በማዞሪያ የሚመረጡ አደረጋቸው፤ ዛሬ መልቲሜትር የምንለው እንዲህ ያለውን መሣሪያ ነው። በ1923 ገበያ ላይ የዋለው አቮሜትር ስሙን ያገኘው ከአምፔር፣ ከቮልትና ከኦም የመጀመሪያ ፊደሎች ነው። በ1951 የወጣው ሞዴል 8 እስከ 2008 ድረስ እየተሻሻለ ተመርቷል። ከመርፌው በታች መስታወት ነበረው፤ አንባቢው መርፌዋ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ምስሏን እስክትሸፍን ድረስ ዓይኑን አስተካክሎ ያነባል። ከልክ ያለፈ ከረንት ሲመጣም መሥመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ነበረው።

ማዞሪያው ሲመጣ ግን ሬንጅ መምረጥ የሚባል ኃላፊነት አብሮ መጣ። የ10፣ የ100 እና የ1000 ቮልት ሬንጅ ባለው መለኪያ ላይ መርፌዋ በአንድ ቦታ ቆማ 4.3፣ 43 ወይም 430 ልትሆን ትችላለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሬንጁ ምርጫ የሚለካውን ነገር ራሱን መለወጡ ነው። ሞዴል 8 በዲሲ ቮልት ለእያንዳንዱ ቮልት 20,000 ኦም ሬዚስታንስ አለው። በ10 ቮልት ሬንጅ 200 ኪሎ ኦም፣ በ100 ቮልት ሬንጅ 2 ሜጋ ኦም ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በተግባር እንየው። የ10 ቮልት ባትሪ በሁለት ባለ 200 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ቢያያዝ፣ መካከላቸው ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ 5 ነው። መለኪያውን በ10 ቮልት ሬንጅ አድርገን መካከሉን ስንነካ፣ የመለኪያው 200 ኪሎ ኦም ከታችኛው ሬዚስተር ጎን ይሰለፍና ወደ 100 ኪሎ ኦም ያወርደዋል። መርፌዋ 3.3 ታሳያለች። ሬንጁን ወደ 100 ብናሳድገው 4.76 ቮልት ይሆናል፤ ሆኖም መርፌዋ ከስኬሉ ግርጌ ስለምትቆም ለማንበብ ታስቸግራለች። መለኪያው አልተበላሸም፤ ሁለቱም ንባቦች በወቅቱ የነበረውን ቮልቴጅ በትክክል ተናግረዋል። መለኪያውን ስናገናኘው ያ ቮልቴጅ መለወጡን ማወቅ የባለሙያው ድርሻ ነበር። ዛሬ የተለመደው ዲጂታል መልቲሜትር 10 ሜጋ ኦም ስለሆነ በዚሁ ቦታ 4.95 ያህል ያሳያል።

መርፌዋ በቁጥር ስትተካ

በ1954 ካሊፎርኒያ ዴል ማር ውስጥ የአንድሩ ኬይ ኩባንያ፣ ናን ሊኒየር ሲስተምስ፣ ዲጂታል ቮልትሜትር ለገበያ አቀረበ። ኬይ በኋላ በኬይፕሮ ኮምፒውተሮቹ የታወቀው ሰው ነው። በሣጥኑ ውስጥ መርፌ አልነበረም። ሪሌዎች እየተንቀጫቀጩ የሚታወቅ ቮልቴጅን ከሚለካው ጋር ያስተያያሉ፤ ሲበልጥ እየቀነሱ፣ ሲያንስ እየጨመሩ ከሚዛኑ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከዚያ የተገኘው ልክ በፊት ለፊቱ በመብራት በቁጥር ይነበባል። ሁለት ሰዎች አንድን ቁጥር በሁለት መንገድ የሚያነቡበት ዘመን አከተመ። ቁጥሩን የሚያበራው ኤሌክትሪክ ማተሚያም ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል፣ ልኬትን በቁጥር አትሞ ማውጣት የሚቻልበት በርም ተከፈተ።

የሚንቀጫቀጩት ሪሌዎች ቦታቸውን ለትራንዚስተር ሲለቁ ሌላ ዘዴ ሰፋ። የሚለካው ቮልቴጅ ለተወሰነ ጊዜ ካፓሲተር እንዲሞላ ይደረጋል፤ ከዚያ በሚታወቅ ቮልቴጅ ይራገፋል፤ ለመራገፍ የፈጀው ጊዜ በሰዓት ምት ይቆጠራል። የምቱ ብዛት የቮልቴጁ ልክ ነው። የዚህ ዘዴ ብልኀት የመሙያ ጊዜው ላይ ነው። እንደ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ በሆነ መሥመር አንዱ ሞገድ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መሙያው ልክ 20 ሚሊ ሰከንድ ወይም የእሱ ብዜት ከሆነ፣ ከመብራት መሥመር የሚገባው ሁከት ወደ ላይ የወጣው ወደ ታች በወረደው ይጣፋል። አሜሪካ ውስጥ ግን መሥመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ ልኩ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለአንዱ ሀገር የተስተካከለ መለኪያ በሌላው ሀገር የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊንቀጠቀጡበት ይችላሉ። በዛሬ የጠረጴዛ መልቲሜትሮች ላይ የመለኪያ ጊዜ በመሥመር ዑደት እየተቆጠረ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽቦ ላይ የተደረገ ስምምነት

በ1966 ሂውሌት ፓካርድ 2116ኤ የተባለውን የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን አወጣ። የተሠራው የኩባንያውን የመለኪያ መሣሪያዎች እንዲያዝና ንባባቸውን እንዲሰበስብ ነበር። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት የራሱ ካርድና የራሱ ኬብል ያስፈልገው ነበር። መሣሪያ በተጨመረ ቁጥር የኬብል ውስብስብም ይጨምራል።

ሂውሌት ፓካርድ ይህን ለመገላገል ሁሉንም የሚያያይዝ አንድ የጋራ መሥመር ነደፈ፤ በ1975 አይትሪፕልኢ 488 በሚል ቁጥር መደበኛ ሆነ። ኬብሉ 24 ፒን አለው፤ መሰኪያው በሌላው መሰኪያ ጀርባ ላይ ስለሚሰካ እስከ 15 መሣሪያዎች በአንድ መሥመር ይያያዛሉ፤ የኬብሉ ጠቅላላ ርዝመት ከ20 ሜትር ማለፍ የለበትም። ውሂብ በ8 ሽቦዎች ይሄዳል። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ተናጋሪው ቀጣዩን ቃል የሚለቀው ከአድማጮቹ ሁሉ ዘገምተኛው «ተቀብያለሁ» እስኪል ጠብቆ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከ0 እስከ 30 ባለው ቁጥር አድራሻ ይሰጠዋል፤ አድራሻውም በብዙዎቹ ላይ ከጀርባው ባሉ ጥቃቅን ማብሪያዎች ይስተካከላል። ሁለት መሣሪያዎች በስሕተት አንድ ዓይነት አድራሻ ከያዙ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይመልሳሉ፤ ሥራውም ይደበላለቃል።

መሰኪያው አንድ ቢሆንም ቋንቋው አንድ አልነበረም። ለምሳሌ የሂውሌት ፓካርድ 3478ኤ ዲሲ ቮልት እንዲለካ «ኤፍ1»፣ ሬንጁን ራሱ እንዲመርጥ «አርኤ»፣ በአምስት ተኩል አኃዝ እንዲያሳይ «ኤን5» ይባላል። ሌላ አምራች ዘንድ የዚሁ ትርጉም ሌላ ፊደል ነው። መለኪያ የቀየረ ላቦራቶሪ ፕሮግራሙንም እንደገና መጻፍ ነበረበት። በ1987 መሣሪያ ሁሉ «ማን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አምራቹንና ሞዴሉን የሚመልስበት የጋራ ደንብ ወጣ። በ1990 ደግሞ አምራቾች ተስማምተው ስኪፒ የሚባለውን የትእዛዝ ቋንቋ አጸደቁ። በዚህ ቋንቋ «ሜዠር፣ ቮልቴጅ፣ ዲሲ» ብሎ የጥያቄ ምልክት ማስከተል ብቻ በቂ ነው፤ መሣሪያው ራሱን አሰናድቶ፣ ለክቶ ቁጥሩን ይልካል። «ኮንፊገር» የተባለው ትእዛዝ ግን ያሰናዳዋል እንጂ አያስለካውም፤ ባለሙያው ቀሪውን ሴቲንግ እንደ ፈቃዱ ነካክቶ «ሪድ» እስኪለው ይጠብቃል። ችኩልና ጠንቃቃ ሁለቱም ቦታ አገኙ።

የዚያ ዘመን ጥሩ ምሳሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የሂውሌት ፓካርድ 34401ኤ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 22 ነው። በኮምፒውተር ተከታታይ ወደብ፣ በአርኤስ-232፣ ለሚገናኝ ደግሞ ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት፣ የውሂብ ቢቱ 7፣ የስሕተት ማጣሪያው ፓሪቲ ተጋማሽ ቁጥር ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ 8 ቢት ያለ ፓሪቲ ብሎ ከጠበቀ ስክሪኑን ዝብርቅርቅ ምልክት ይሞላዋል። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ በኋላ ደግሞ ላኪው ከላኪ፣ ተቀባዩ ከተቀባይ እንዳይገጥም ሽቦዎቹን የሚያቋርጥ ኬብል ያስፈልጋል። ፍጥነትና ጥራትም ይገበያያሉ። በ50 ኸርዝ መሥመር 10 ዑደት ከተመረጠ ለአንድ ንባብ 0.2 ሰከንድ ይፈጃል፤ ስድስት ተኩል አኃዝ ይገኛል። 0.02 ዑደት ከተመረጠ 0.4 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ አኃዙ ግን ወደ አራት ተኩል ይወርዳል። በውስጡ ያለው ሚሞሪ 512 ንባብ ይይዛል፤ መለኪያው በሙሉ ፍጥነቱ በሰከንድ 1000 ሲለካ ሚሞሪው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይሞላል። ስለዚህ ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ፍጥነት የሚለው ሒሳብ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት መሠራት አለበት።

ኪስ የገባው መለኪያ

የጠረጴዛው መለኪያ ከኮምፒውተር ጋር ሲነጋገር፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ኤሌክትሪሺያን በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። በ1970ዎቹ ኢንተርሲል የተባለው ኩባንያ አይሲኤል7106 የሚባለውን ቺፕ ሠራ። ቮልቴጁን ወደ ቁጥር መለወጡንም፣ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪኑን ማብራቱንም በአንድ ቺፕ ያጠናቀቀ ነበር። እስከ 1999 ይቆጥራል፤ የግራው አኃዝ ከ1 ስለማያልፍ ሦስት ተኩል አኃዝ ይባላል። በእኛም ሀገር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች የሚሸጡት ርካሽ ቢጫ መልቲሜትሮች የተሠሩት በዚሁ ንድፍ ነው። በ1977 ፍሉክ የተባለው ኩባንያ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራውንና በእጅ የሚያዘውን 8020ኤ አወጣ። በ1983 የመጡት የፍሉክ 70 ተከታታዮች ደግሞ ሬንጁን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ከቁጥሩ በታችም ለዘመነ መርፌ ባለሙያዎች የምትመች፣ ከፍ ዝቅ የምትል መስመር አሳዩ።

ቁጥሩን ከእነዚህ መለኪያዎች አውጥቶ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ግን አደገኛ ነበር። የመለኪያው ገመድ 220 ቮልት ላይ ተሰክቶ ሳለ፣ ከጀርባው የሚወጣው ኬብል ወደ ኮምፒውተሩና ወደ ሰውየው እጅ ይሄዳል። መፍትሔው ሽቦውን ቆርጦ መካከሉን በብርሃን መሙላት ሆነ። በአንድ በኩል ትንሽ ኤልኢዲ ይበራል ይጠፋል፤ በሌላው በኩል ብርሃን የሚያይ ትራንዚስተር ያነበዋል፤ ኤሌክትሪኩ ራሱ አይሻገርም።

በ1990ዎቹ በስፋት የታወቁት የደቡብ ኮሪያው ሜቴክስ መልቲሜትሮች በዚህ መንገድ ይሠሩ ነበር። ኮምፒውተሩ «ዲ» የሚለውን አንድ የላቲን ፊደል ይልካል፤ መለኪያው 14 ምልክቶች ይመልሳል፤ መጀመሪያ የልኬቱ ዓይነት፣ ቀጥሎ ቁጥሩ፣ ከዚያ መለኪያ ስሙ፣ በመጨረሻ የመስመር መዝጊያው። ፍጥነቱ በሰከንድ 1200 ቢት፣ የውሂብ ቢቱ 7፣ የመዝጊያ ቢቱ 2 ነው። መጀመሪያዋ ቢት ተጨምራ እያንዳንዱ ምልክት 10 ቢት ይሆናል፤ 14ቱ ተደምረው 140 ቢት፣ ማለትም ከ0.1 ሰከንድ ትንሽ ያለፈ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ አንዳንዴ መለኪያው ዝም ይላል። ምክንያቱም በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው ከወደቡ የቁጥጥር ሽቦዎች ነው፤ ፕሮግራሙ ዲቲአር የተባለውን ከፍ፣ አርቲኤስ የተባለውን ዝቅ ካላደረገ ተቀባዩ አይነቃም። ኬብሉ ተበላሽቷል ተብሎ ሲጣል ስሕተቱ ግን በሴቲንግ ላይ ነበር።

ራሱ ለክቶ ራሱ የሚጽፈው

አዲሱ ሺህ ዓመት ሲገባ መልቲሜትሩ ኮምፒውተር ሳይጠብቅ ራሱ መመዝገብ ጀመረ። እንደ ፍሉክ 289 ያሉት ሰዓት፣ ሚሞሪና ግራፍ የሚያሳይ ስክሪን ይዘው መጡ፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ይመዘግባሉ፣ በመካከሉ ልኩ በድንገት ሲለወጥም እንደ አዲስ ክስተት ይይዙታል። ውሂቡ ከጀርባው ባለች የኢንፍራሬድ መስኮት በኩል፣ በሰከንድ 115,200 ቢት ወደ ዩኤስቢ ኬብል ያልፋል። ከ2010 ወዲህ ብሉቱዝ ሲገባ ደግሞ ስልክ የመለኪያው ሁለተኛ ስክሪን ሆነ። ሲግሮክን በመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ላይ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችም አምራቾች ያልገለጹትን የብዙ መለኪያዎች ቋንቋ ፈትተው ለሁሉም ክፍት አደረጉ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ማታ ማታ መብራቱ ይዋዥቃል» የሚል ቅሬታ የደረሰው ኤሌክትሪሺያን ሌሊቱን ሙሉ ሶኬት አጠገብ መቀመጥ የለበትም። መልቲሜትሩን ሰክቶ መሄድ ይችላል። የሁለት መቶ ዓመቱ ሽግግር ግን ከመሄዱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ላይ ሥራውን ሁሉ ከምሮበታል። ቀዩ ገመድ በአምፔሩ ቀዳዳ ቀርቶ ከሆነ ሶኬቱን በቀጥታ ያገናኛል፤ ፊዩዙ ካልቀደመ አደጋ ነው። ማዞሪያው በኤሲ ፋንታ ዲሲ ቮልት ላይ ከሆነ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ይጻፋል። ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን የሚያጠፋው ሥርዓት ካልተሰናከለ መዝገቡ ሳይነጋ ይቋረጣል። ሬንጁ በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ ቮልቴጁ ድንገት ሲወድቅ መለኪያው ሬንጅ ሲቀይር የሚያመልጠው ጊዜ አለ፤ ስለዚህ 220ን የሚይዝ አንድ ሬንጅ ላይ ማጽናት ይሻላል። በደቂቃ አንዴ ብቻ የሚጽፍ ከሆነ ለሁለት ሰከንድ የወረደ መብራት በሁለት ንባብ መካከል ይሾልካል፤ በየደቂቃው ውስጥ ያለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ እንዲይዝ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሰዓቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ሥራው የተጀመረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሆነ መለኪያው ውስጥ መግባት ያለበት 20:00 ነው። በእኛ አቆጣጠር 2:00 ተብሎ ቢገባ ፋይሉ ሁሉ በስድስት ሰዓት ይዛባል፤ በእራት ሰዓት የወረደው ቮልቴጅ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የወረደ ይመስላል፤ ጥፋቱም ያለ ኃጢአቱ ለሌላ ነገር ይሰጣል። ፋይሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ደግሞ ሠንጠረዥ የሚሠራው ፕሮግራም በጀርመን ወይም በፈረንሳይ ልማድ የተስተካከለ ከሆነ ክፍልፋዩን የሚለየው በነጥብ ሳይሆን በኮማ ነው፤ 221.4 የሚለውን ቁጥር ጽሑፍ ነው ብሎ ሊደመር እንቢ ይላል።

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ አንድ ቀላል ልማድ አላቸው። መለኪያውን ሶኬቱ ላይ ከመተዋቸው በፊት ልኩን አስቀድመው በሌላ መለኪያ ያረጋገጡትን አንድ ቮልቴጅ ለአንድ ደቂቃ ያስመዘግቡታል፤ ሬንጁን፣ የጊዜውን ልዩነትና የተጀመረበትን ሰዓት ከመለኪያው ቁጥር ጋር በፋይሉ ስም ወይም በማስታወሻ ይጽፋሉ። ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በደቂቃ አንዴ የተመዘገበ ፋይል 720 መስመር አለው። መልሱ ከታወቀው መስመር ላይ ቁጥሩ፣ መለኪያ ስሙና ሰዓቱ ልክ ሆነው ከተገኙ ገመዱም፣ ማዞሪያውም፣ ኬብሉም፣ ፕሮግራሙም አብረው ተፈትነዋል ማለት ነው። ካልሆኑ ግን የሌሎቹን 720 መስመሮች ግራፍ ከማሳመር በፊት ወደ ሴቲንጉ መመለስ ይሻላል።